ከሦስት ወንድሞች የተሠራ አባት

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ይህን ስል ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ከስድስተኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ ቅዳሜን ሙሉ ቀን፣ ክረምቱን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሶዶ ከተማ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ። ብርሃን ይዣለሁ፣ ኮት አጥቤአለሁ፣ ሕፃናትን ለማሳቅ እንደ ዶሮ ጮኼአለሁ፣ ፊት ጠግኛለሁ። አዲሱ ዲጂታል መታወቂያ መጣና የሰውን ፎቶ እዚያው ቢሮ ያነሳ ጀመር። የቀረውን ደግሞ ሰው ሁሉ በኪሱ በያዘው ስልክ ያነሳዋል። እናም አለቃዬ ጋሽ ጴጥሮስ አንድ ቀን መብራቶቹን ፈትቶ በብርድ ልብስ ጠቀለላቸው። ቤቱ አሁን የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫና ፎቶ ኮፒ ነው።

«እንግዲህ ሁለታችንም ጡረታ ወጣን» አለኝ።

«አበሌስ?»

ከመደርደሪያው አንድ ደብተርና ሁለት እስክርቢቶ አውርዶ ሰጠኝ። የምጽፈው በእነሱ ነው። መጻፍ እንዲህ ይጣፍጣል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቤታችን የሚወራው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛዬን ያጠራሁት ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ስከራከር ነው፤ ስለዚህ እንደ ክርክር ቢመስል አትፍረዱብኝ።

ሥራውን የጀመርኩት በፏፏቴ ምክንያት ነው። እናቴ ለስድስተኛ ክፍል መመዝገቢያ ጉርድ ፎቶ ተነሽ ብላ ላከችኝ። ተራዬን ስጠብቅ ጥግ ላይ የቆመ ጥቅል ሸራ አየሁ፤ ጫፉ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል፤ ላዩ ላይ ፏፏቴ አለ። እኔ ያንን ፏፏቴ አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ አባቴ ወስዶኝ ነበር። ፎቶዬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የውሃውን ጩኸት፣ ቀሚሴን አርሶት የተሰማኝን ቅዝቃዜ፣ ሁሉንም አስታውሳለሁ። ለክፍል ጓደኞቼ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ። አሁን ያው ውሃ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው ከድንጋዩ ጎን የበቀለ ዛፍ አቧራ ለብሶ ጥግ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ የት ነው?» አልኩት።

«ጥግ ላይ።»

«ውሃውን ነው የምልህ።»

«እሱማ ሸራ ነው። ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ሶዶ ውስጥ እዚያ ፏፏቴ ያልወረደ ሕፃን የለም።»

«ግን እኮ ውሃው ቀሚሴን አርሶት ነበር። በርዶኛል።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ፍላሹ ሲበራ ደንግጠሽ ሸንተሽ ይሆናል» አለ።

ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ፎቶው ሥር ቆሜ ቆየሁ። ሸራ መሆኑን አውቄም የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። ዛሬም ይሰማኛል። በነጋታው ተመልሼ ሥራ ካለ ልርዳህ አልኩት።

የመጀመሪያ ምድቤ ብርሃን መያዝ ነበር። ነጭ የፎም ሰሌዳ አለ፤ ከተነሺው አገጭ በታች ዘንበል አድርገሽ ስትይዢው ዓይን ሥር ያለው ጥላ ይጠፋል። በጣም ካስጠጋሽው ሰውየው ከጉድጓድ የወጣ ይመስላል። ኮቱም በእኔ ኃላፊነት ነበር። አንድ ጥቁር ኮት፣ ክራባቱ ከሸሚዝ ኮሌታ ጋር አብሮ የተሰፋ፣ የከተማው ወንድ ሁሉ የተነሳበት። ለቀጫጭኖቹ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ እናጠብበዋለን፤ ከፊት ሚኒስትር፣ ከኋላ የተሰጣ ልብስ። ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል ደግሞ አንድ ዱንጉዛ ነበረን። ያ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ልብስ ከአንዱ ትከሻ ወርዶ ወደ ሌላው ሲሄድ ለመቀዝቀዝ ጊዜ አልነበረውም።

ሁለተኛው ምድቤ መስክ ነው። በገበያ ቀን ሚኒባስ ተሳፍረን ጠበላ ከተማ እንወርዳለን፤ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን ጉርድ ፎቶ እናነሳለን። ቆላ ነው፣ የሰው ፊት በላብ ያበራል፤ ለስላሳ ወረቀት ይዤ ግንባር መጥረግ የእኔ ነው። ቤሌ የምትባል ከተማም ሄደናል፣ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞችን ልናነሳ። እዚያ ልጆቹ በሰልፍ ቆመዋል። ሰልፉ ፊት ላይ ጋሽ ጴጥሮስ አንዱን «አትጨፍን፣ ፎቶው ይበላሽብሃል» አለው። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ወደ ኋላ ሄደ። መጨረሻ ላይ ሲደርስ «የጨፈነ ፈተና ይወድቃል» ሆኗል። ልጆቹ ዓይናቸውን እንደ ጉጉት አፍጥጠው፣ እንባቸው እየወረደ ይመጡ ጀመር። ጋሽ ጴጥሮስ ይህ ሐሰት ነው ብሎ አልጮኸም። ከፊት ለቆመው ልጅ «የጨፈነ ነው የሚያልፈው አሉ» ብሎ ሹክ አለው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ጨፍኖ ጠበቀን።

መምህሬ ነበርና ስለ ልማዱ ልናገር። ጋሽ ጴጥሮስ ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አያነሳም። «ሰው ስቱዲዮ ሲገባ የሌላ ሰው ፊት ይዞ ነው የሚገባው» ይላል። ጎረምሳው ስልኩ ላይ ያየውን ዘፋኝ ፊት ይዞ ይመጣል። ሙሽሪት የጎረቤቷን ሙሽሪት ፊት፣ አዲሱ ወንጌላዊ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚያስጨበጭብለትን ሰባኪ ፊት። ጋሽ ጴጥሮስ ካሜራው ኋላ ቆሞ በወላይትኛ ወሬ ይጀምራል። ላሟ ወለደች ወይ? ድንቹን ትል በላው ወይ? አማታችሁ ተሻላቸው? ሰውየው መልስ ሲፈልግ የተዋሰው ፊት ይወድቅና የራሱ ይመጣል። ያኔ ጠቅ ያደርጋል።

ሌላው ልማዱ ደንበኛ ፊት «ያምራል» አለማለቱ ነው። መጀመሪያ ኩራት መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን እኔ አንዷን «በጣም ያምራል» ብያት ደስ ብሏት ስትሄድ፣ «አየሽው ፎቶዋን?» አለኝ። «አላየችውም። አንቺን ነው የሰማችው።»

አንድ ክረምት እሱ ታይፎይድ ይዞት ተኛና ባለቤቱ እትዬ አስቴር አለቃ ሆነች። የእሷ ሃይማኖት ሌላ ነበር። አጠገቤ ቆማ «አብሪው» ትላለች፤ የሁሉም ፊት ይብራ። ደንበኛ ወደዳት፣ ወረፋው በዛ። በኋላ አንድ ገበሬ ተመልሶ መጣ፤ ባንክ ቤት «ይሄ ወንድምህ ነው?» ብለው ፎቶውን መልሰውበታል። እትዬ አስቴር «ባንኮቹ ጨለማ ውስጥ ነው የሚሠሩት» አለችው። ሰውየው ግን በፎቶው አልተናደደም። ይልቅ እንደገና ሲነሳ «ወንድሜን ለቤት አስቀሩልኝ» አለን፤ ያንን የበራውን፣ ወስዶ ሰቀለው።

ወደ ትልቁ ጉዳይ ልምጣ። አሥረኛ ክፍል ነበርኩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ያረጀ ፎቶ መጠገን የእኔ ሥራ ከሆነ ቆይቷል። እማማ ቦጋለች የሚባሉ እናት ከሴት ልጃቸው ከታደለች ጋር መጡ። ታደለች ልታገባ ነው። እኛ ጋ አሁን አሁን ሰርግ ላይ የሞተ ወላጅ ፎቶ በትልቅ ፍሬም ሆኖ ከሙሽሮቹ አጠገብ ይቆማል፤ ዘመድ ከሙሽሮቹ ጋር ሲነሳ ከእሱም ጋር ይነሳል። የታደለች አባት አቶ ዳና አናጢ ነበሩ፤ የሞቱት እሷ ጡት ሳትጥል ነው። ፎቶ የላቸውም። የነበረቻቸው አንዲት የቀበሌ መታወቂያ ጣሪያ ሲያፈስ ረጥባ፣ ስማቸው አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ፊታቸው የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኗል።

«አባቴን ሥሩልኝ» አለች ታደለች። ወንበር እንደሚያሠራ ሰው።

እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ሠርተናል። የልጆቹን ፎቶ እናነሳለን፤ ከአንዱ ግንባር፣ ከአንዱ አፍንጫ እንወስዳለን፤ ሟቹን የሚያውቁ ሰዎች እየነገሩን እናቃናለን። ለዚህ ሥራ ጋሽ ጴጥሮስ የማይጥሰው አንድ ሕግ ነበረው፤ የሚያውቁትን ሰዎች ለየብቻ መጠየቅ። አንዱ ሲናገር ሌላው ውጭ ይቆያል። «ሁለት ሰው አንድ ላይ ካስታወሰ ያስታወሰው አንዱ ነው» ይል ነበር።

በቀጠሮው ቀን የታደለች ሦስት ወንድሞች፣ እማማ ቦጋለችና የሟቹ ታላቅ ወንድም አብረው መጡ። ጋሽ ጴጥሮስ በትሕትና «እንደ ልማዳችን አንድ በአንድ ብንጠይቅ» ሲል አጎትየው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ወንድሜን ለማስታወስ ወረፋ ልያዝ?»

ሽማግሌን ውጭ ማቆም ነውር ነው፤ ሕጉ ተጣሰ። ጋሽ ጴጥሮስ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው፤ ሌሎቹ ከኋላቸው ቆሙ።

ሥራዬን ጀመርኩ። ግንባሩን ከታላቁ ልጅ ወሰድኩ፤ ሰፊ ነው። አፍንጫና አፉን ከመካከለኛው፣ ዓይንና ጆሮውን ከትንሹ። ችግሩ ቆዳው ሳይሆን ብርሃኑ ነው፤ ታላቁን ስናነሳ መብራቱ ከቀኝ ነበር፣ ትንሹን ደግሞ ከግራ፤ አንዱን ካላገላበጥሽው ፊቱ ላይ ሁለት ፀሐይ ይወጣል። ጠርዙን በለስላሳው ብሩሽ አደበዘዝኩ።

«ሪዝ ነበረው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«አንዳንዴ» አሉ እማማ።

«ሁልጊዜ» አሉ አጎትየው።

ሪዝ አበጀሁ። አጎትየው ድንገት ዱላቸውን አነሱ። «ተይ፣ አትንኪው። እሱ ነው። ዳና ነው» ብለው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ታላቁ ልጅ፣ አባቱ ሲሞት ስምንት ዓመቱ የነበረው፣ «አዎ» አለ። መካከለኛው አለቀሰ። ትንሹ፣ ያኔ እንኳን የአባቱን ፊት የራሱንም ጫማ የማያውቀው፣ «አዎ፣ እሱ ነው» አለ።

«አፍንጫው…» አሉ እማማ ቦጋለች።

«አፍንጫው ምን?» አሉ አጎትየው። በቁጣ አይደለም፤ በለስላሳ ነው የጠየቁት።

እማማ የሚያለቅሱ ልጆቻቸውን አዩ። «ምንም» አሉ። «እሱ ነው።»

ጋሽ ጴጥሮስ እኔን አየኝ፣ እኔ እሱን አየሁት። አተምኩት።

ሰርጉ ላይ ፎቶ አንሺዋ እኔ ነበርኩ። ሰው ፍሬሙ ፊት እየቆመ «ቁርጥ ዳናን» ይላል። አንዲት ሴት ስለ አቶ ዳና ሳቅ ብዙ አጫወተችኝ፤ እንዴት ትከሻው እንደሚንቀጠቀጥ። በኋላ ስጠይቅ ሴትዮዋ ወደ ሰፈሩ የመጣችው እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። አልዋሸችኝም፤ ስታወራ ዓይኗ ያየው ነበር። እኔም ፏፏቴ ያየሁ ነኝ፣ ምን እላታለሁ? ደግሞም ኮርቼ ነበር። ታደለች ከፍሬሙ ጎን ቆማ ስታለቅስ ባነሳሁት ፎቶ ዛሬም እኮራለሁ። አንድ ቅጂ እማማ ቤት ሄዶ ተሰቀለ።

ከዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ ጋሽ ቶማ የሚባሉ ሰው ከቤሌ መጥተው እማማን ሊጠይቁ ገቡ። ከአቶ ዳና ጋር አብረው አናጢ የነበሩ ናቸው። ግድግዳውን አይተው «ይሄ የማን ዘመድ ነው?» አሉ። ዳና ነው ሲባሉ ሻያቸውን አስቀመጡ። «እኔ ከዳና ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ነው ያደርኩት» ብለው ሄዱ፤ በሳምንቱም ፎቶ ይዘው ተመለሱ። የመዳፍ ያህል ናት። ቤሌ ውስጥ፣ ጣሪያው ያላለቀ ትምህርት ቤት ፊት ሰባት አናጢዎች ቆመዋል፤ አንዱ ዳና ነው አሉ።

ያችን ፎቶ ይዘው እማማ፣ ጋሽ ቶማና ልጇን የታቀፈች ታደለች ፎቶ ቤት መጡ። እማማ የተናገሩት በወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ትንሽ ይጎድላል።

«ቶማ የቱ እንደሆነ ሊነግረኝ ጣቱን ሲያነሳ ጣቱን ያዝኩት» አሉ። «ራሴ ላግኘው ብዬ ነው። የሰው ‹እሱ ነው› ጠግቤአለሁ። ግን ስንት ቀን አየሁት፣ አላገኘሁትም። ዓይኔን ስጨፍን የእናንተ ሰውዬ ነው የሚመጣው። የእኔ ሰውዬ የት ሄደ?»

«እማዬ፣ እዚህ ውስጥ አባቴ የለም» አለች ታደለች። «አባቴን እኔ አውቀዋለሁ።»

«መቼ አወቅሽው?»

«ሰርጌ ላይ።»

የሥራ ዘመኔ ክሽፈት ይህ ነው። ፎቶ አበላሽቼ አውቃለሁ፤ ቆርጬ፣ አጨልሜ፣ የአንዱን ለሌላው ሰጥቼ። እነዚያ ይታረማሉ። እዚህ ግን ሥራው አምሮ ነው የከሸፈው። እማማ ቦጋለች ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ፊቱን ብቻቸውን ይዘው ኖረዋል፤ ከእኛ ፎቶ ጋር አብረው አንድ ዓመት ሲያድሩ ጠፋባቸው። አሁን የሚፈልጉት ያንን እንድንመልስላቸው ነው።

«አሳድጊልኝ» አሉኝ። «ትልቅ ከሆነ አገኘው ይሆናል።»

ስካን አድርጌ አሳደግሁት። ፊቶቹ እንደተበተነ ጤፍ ሆኑ። ስልኬ ላይ የደበዘዘ ፊት የሚያጠራ መተግበሪያ ነበረኝ፤ አንዱን ሰው አስገባሁት፤ ወዲያው ጥርት ያለ ዓይን፣ ነጭ ጥርስ አወጣለት። ደስ ብሎኝ ለጋሽ ጴጥሮስ አሳየሁት።

«ይሄ ሰው ቤሌ ነበር?» አለኝ።

«አዎ… እንጃ።»

«ስልክሽ ውስጥ ነው የተወለደው። አጥፊው፣ እሳቸው ሳያዩት።»

አጠፋሁት። ከዚያ ጋሽ ጴጥሮስ ጋሽ ቶማንና ታደለችን «ይቅርታ፣ አንዴ ውጭ» አላቸው። ታደለች አጉረመረመች። ጋሽ ቶማ ኮፍያቸውን አንስተው ወጡ። ጋሽ ጴጥሮስ ጥቁር ካርቶን በረጅሙ ቀደደና ስክሪኑ ላይ በፕላስተር ለጠፈው፤ የሰባቱንም ፊት ሸፈነ። ከአንገት በታች ሰባት ሸሚዝ፣ ሰባት ሱሪ ቀረ።

«አሁን ፊት የለም፣ እማማ። ቀስ ብለው ይዩ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔ እንኳን «እጁን ይዩ» ልል አፌን ስከፍት በክርኑ ነካኝ።

እማማ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ሳቡ። ከግራ ጀመሩ። አንዱ እጁን አጣምሯል፣ አንዱ መዶሻ ይዟል፣ አንዱ ሆዱን ነፍቷል። አልፈው ሄዱ። ከቀኝ ዳር ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ሰውየው ባዶ እግሩን ነው፤ ቀኝ እግሩን በግራው ላይ ደርቦ ቆሟል።

መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅ ነው። ሳቁ ከሆዳቸው ወጣ።

«ይኸው» አሉ። «ዝናብ የመታት ዶሮ። ሊጠይቀኝ ከሽማግሌ ጋር ሲመጣም እንዲሁ ነው የቆመው። እናቴ ‹ይሄ ልጅ አንድ እግር ነው እንዴ ያለው?› አለች። ሲያፍር ነው እንዲህ የሚያደርገው። ካሜራውን አፍሮ ነው። ካሜራ አፍሮ።»

ጋሽ ጴጥሮስ ካርቶኑን ላጠው። ጤፍ የመሰለው ፊት ወጣ። እማማ እያዩት ሳቃቸው ቀስ ብሎ ቆመ፤ እንባቸውን ግን አልጠረጉም፣ እንዳይከልላቸው ይመስለኛል። አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ ነው። ሪዝ የለውም።

ጋሽ ቶማን ጠራናቸው። ማንም ምንም ሳይላቸው ጣታቸውን ከዳር ሁለተኛው ሰው ላይ አሳረፉ።

ታደለችም ተከትላ ገባች፤ ልጇን ወደ ሌላው ክንዷ አዛውራ ቀረብ ብላ አየችው። ብዙ አየችው።

«አላውቀውም» አለች። ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆነ። «ታዲያ ሰርጌ ላይ የቆመው ማነው? ያለቀስኩለት?»

እማማ ከስክሪኑ ዓይናቸውን ሳያነሱ መለሱላት። «ወንድሞችሽ ናቸዋ። ግንባሩ የታላቅሽ፣ አፉ የመካከለኛው። ያሳደጉሽ እነሱ አይደሉም? ደህና አድርገሽ አልቅሰሻል። ከግድግዳሽ እንዳታወርጂው።»

 ሕፃኑ ስክሪኑን በእጁ ሊመታ ሲዘረጋ ታደለች አልከለከለችውም፤ ይልቅ አስጠጋችው።

እኔ መቼም ሥራ አይለቀኝም። አይጤውን ይዤ፣ በአቶ ዳና ጭንቅላት ዙሪያ ሳጥን ሠርቼ፣ «እማማ፣ ፊቱን ለብቻው አውጥቼ በትልቁ ላትምልዎት? ለፍሬም የሚሆን» አልኳቸው።

እማማ ሳጥኑን አዩ፤ ከዚያ እኔን።

«እግሩስ?» አሉኝ።